ስሙ ያልታወቀ እንክብል በምእመናን ቤት

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የጤና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።





ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከጣት ጥፍር ስለማይበልጥ፣ በመሶብ ሥር፣ በነጠላ ጫፍ ወይም በመስኮት ደፍ ላይ ስለሚገኝ ነገር ነው። በቤታችን ያለ፣ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተሰጠ የማይታወቅ እንክብል ርእሳችን ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የተጻፈውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በጌልገላ ረኀብ በነበረበት ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ ለደቂቀ ነቢያት ወጥ እንዲሠራላቸው አዘዘ። ከመካከላቸው አንዱ ቅጠላ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ፤ የዱር ሐረግም አግኝቶ ፍሬውን በልብሱ ሞልቶ ተመለሰ። ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ከትፎ በምንቸቱ ጨመረው። በበሉም ጊዜ ምግቡ ለሞት የሚያደርስ መሆኑን ዐውቀው ጮኹ። ነቢዩም ዱቄት አስመጥቶ በምንቸቱ ጨመረ፤ እግዚአብሔርም አዳናቸው።

ያ ፍሬውን የለቀመው ሰው ክፉ አልነበረም። ስንፍናም አልነበረበትም። ወንድሞቹ ሲራቡ አይቶ የሚበሉትን ሊያመጣ የወጣ ደግ ሰው ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጁ የያዘውን አላወቀውም፤ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቀም። በየአጥቢያችን ስሙን የማያውቀውን እንክብል ከቦርሳው አውጥቶ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ምእመንም እንደዚሁ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ የሰጠው ነገር ግን ምን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ከራሳችን እንጀምር

ሌላውን ከመምከር በፊት የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። ከዓመታት በፊት፣ ገና በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ስናገለግል፣ በጾመ ፍልሰታ ለሱባኤ ወደ ጠበል ቦታ ለሚመጡ ሕሙማን የሚሆን መድኃኒት እናሰባስብ ብለን ተነሣን። ምእመናንም ጥሪያችንን ሰምተው ከየቤታቸው የተረፈውን አመጡልን። በማሸጊያው ያለ ነበረ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ነበረ፤ በፌስታል የታሰረም ነበረ። ከመካከላችን ስለ መድኃኒት የተማረ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በመልኩ ለየነው። ነጩንና ክቡን በአንድ ብልቃጥ አድርገን «ለራስ ምታት» ብለን ጻፍንበት። ሥራችን ያማረ መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ራሴን አመመኝ ብለው ወደ እኛ መጡ። ከብልቃጡ ሁለት ፍሬ ሰጠናቸው። ጾመኛ ነበሩና ከቅዳሴ በኋላ በጠበል ዋጡት፤ እህልም ሳይቀምሱ ዐረፍ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የማይያያዝ ነገር መናገር ጀመሩ። ቦታው የጠበል ቦታ ነውና በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ይህን ሲያዩ የመንፈስ ምልክት ነው ብለው አሰቡ፤ ጸሎትም ተጀመረ። አንድ አረጋዊ ካህን ግን ቀርበው ግንባራቸውን ዳሰሱና፣ «ዛሬ የዋጡት ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸውም ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳልና አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱአቸው አሉ።

በጤና ጣቢያው ነርሷ የደማቸውን ስኳር ለካች፤ እጅግ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥራቸው እየሰጠች፣ «ምንድን ነው የሰጣችኋቸው?» አለችን። እኛም «ነጭ ክኒን» አልን። ቀና ብላ አየችንና፣ «ነጭ የመድኃኒት ስም ነው እንዴ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ብልቃጡ ሲመጣና ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ሲጠየቁ፣ ከሰጪዎቹ አንዱ ቤተሰብ የሟች አባታቸውን የስኳር ሕመም እንክብል ከሌላው ጋር አብሮ እንዳመጣ ታወቀ። እኚያ እናት ስኳራቸው ተመልሶ እንዳይወርድ ሌሊቱን በክትትል ሥር አደሩ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትና በባለሙያዋ ትጋትም ድነው ወጡ። በማግሥቱ ሊጠይቋቸው የሄዱትን ሁሉ እየመረቁ ነበር፤ እኛንም ጭምር። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደናል።

ስለዚህ የዛሬው መልእክታችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቀለል ይችላል። ስሙን ያጣ እንክብል መድኃኒትነቱን አጥቷል። ምንነቱን የሚያውቅ ባለሙያ እስኪመሰክርለት ድረስ ለማንም አይሰጥም፤ ማንም አይውጠው።

መልክ ለምን አይመሰክርም?

ብዙ ሰው እንክብልን በቀለሙና በቅርጹ የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ነጭና ክብ የሆኑት መድኃኒቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከራስ ምታት ማስታገሻ፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከሚጥል ሕመም መድኃኒቶች መካከል ነጭና ክብ የሆኑ አሉ። አንዱ ሕመም ያስታግሣል፤ ሌላው የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ሌላው ስኳርን ይቀንሳል፤ ሌላው ከባድ እንቅልፍ ያመጣል። ዐይን አይለያቸውም። አንዱን መድኃኒት ሁለት ፋብሪካዎች ሲሠሩትም አንዱ ነጭ ሌላው ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ወር ነጭ የነበረው የእናታችን መድኃኒት በዚህ ወር ቢጫ ሆኖ ቢመጣ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ቀለሙን ሳይሆን ስሙን አይተን፣ ከተጠራጠርንም የሰጠንን ባለሙያ ጠይቀን እንለየዋለን።

በእንክብሉ ላይ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥርስ? በአንዳንድ አገሮች ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እንክብሎች መለያ ምልክት እንዲቀረጽባቸው ወይም እንዲታተምባቸው ሕግ ያስገድዳል። ባለሙያ ያን ፊደልና ቁጥር ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ሠሪውን ለማወቅ ይችላል። በዚያም ቢሆን ቫይታሚንና የመሳሰሉት በዚህ ግዴታ ሥር አይደሉም። ከሌላ አገር የሚመጡ ብዙ እንክብሎች ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለባቸውም፤ ወይም መሐል ለመሐል የተሰመረ መስመር ብቻ አላቸው። ያ መስመር እንክብሉን ለሁለት ለመክፈል የሚረዳ እንጂ ስም አይደለም። አስመስለው የሚሠሩ ሐሰተኞችም ፊደሉን ጭምር ሊቀርጹት ይችላሉ። ወጣቶቻችን በስልካቸው ፎቶ አይተው «ይህ ነው» ሲሉ ብንሰማ፣ ያ ፍንጭ ለባለሙያው የሚነገር ነው፤ ለመዋጥ ፈቃድ አይሆንም።

ስሙስ የት ይጠፋል?

እንክብል ከፋብሪካ ሲወጣ ስም አለው። ስሙን የሚያጣው በእኛ እጅ ነው። የሚያጣበትን መንገድ ብናውቅ አብዛኛውን ችግር ከምንጩ እናደርቃለን።

አንደኛው በፖስታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ቤት ከትልቅ ዕቃ ቆጥሮ በትንሽ ወረቀት ፖስታ ሲሰጠን፣ በላዩ ላይ «1×3» ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ መውሰድን ይነግረናል እንጂ ምን እንደምንወስድ አይነግረንም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊ ግራም፣ የሕመምተኛው ስምና የተሰጠበት ቀን እንዲጻፍ መጠየቅ መብታችን ነው። ባለሙያው በዚህ አይቀየምም፤ ሥራው ነውና።

ሁለተኛው ማሸጊያውን መቁረጥ ነው። እንክብሎቹ በተደረደሩበት ስስ ማሸጊያ ላይ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጫፍ ታትሞ ይገኛል። እኛ ግን ከዚያው ጫፍ ቆርጠን እንወስድና የቀረው ስም አልባ ይሆናል። ከሌላው ጫፍ ብንጀምር ስሙ እስከ መጨረሻው ፍሬ ድረስ ይቆያል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው መቀላቀል ነው። ወደ ጠበል ቦታ ወይም ወደ ክብረ በዓል የሚጓዙ አረጋውያን ለመንገድ እንዲቀል ብለው የየዕለቱን መድኃኒት ሁሉ በአንድ መሐረብ ይቋጥራሉ። ቋጠሮው ሲፈታ የጠዋቱ ከማታው፣ የግፊቱ ከጨጓራው ይደባለቃል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ባለሙያው በፖስታው ላይ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል እንዲያደርግላቸው ማድረግ ይቻላል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ መድኃኒት በራሱ ፖስታ መቆየቱ ነው።

አራተኛው ከሟች የተረፈ መድኃኒት ነው። ታማሚው ሲያርፍ ቤተሰቡ መድኃኒቱን መጣል ይከብደዋል። በውድ ዋጋ የተገዛ ነውና ለነፍሱ ይሁን ብለው ለድኻ ይሰጡታል። ከላይ የነገርናችሁ ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው።

አምስተኛው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ያሉ ልጆቻችን ሲመጡ በሻንጣቸው መድኃኒት ይዘው ይመጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ አንድ መድኃኒት ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካውያን አሲታሚኖፌን ይሉታል። ከዐረብ አገር የመጣችው እኅታችን ፓናዶል ብላ፣ ከአሜሪካ የመጣው ወንድማችን ታይለኖል ብሎ ሲሰጡን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች የተሰጡን ይመስለናል። በውስጣቸው ያለው ግን አንድ ነው። ሁለቱን ደርቦ የወሰደ ሰው መጠኑን አጠፈ ማለት ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ሲያልፍ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ያስፈልጋል።

መድኃኒት ያልሆነው «መድኃኒት»

በገጠር አጥቢያዎች ያላችሁ አባቶች ይህን ክፍል በተለየ ልብ እንድትሰሙን እንለምናለን። በብዙ ገበሬዎቻችን ቤት እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚገዛ እንክብል አለ። የነቀዝ መድኃኒት እንለዋለን። ኬሚካሉ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። መልኩ ግራጫ ሲሆን እንደ ማንኛውም ክኒን ክብና ጠፍጣፋ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ይህ ጋዝ ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ሲገባም ይኸው ጋዝ ይወጣል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ሐኪሞች ልብና ሳንባን ለማገዝ ይደክማሉ እንጂ መርዙን የሚሽር መድኃኒት በእጃቸው የለም።

ይህ ነገር በገበያ በፍሬ ተቆጥሮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ ከሰው መድኃኒት የሚለየው ምንም ምልክት አይቀርለትም። «መድኃኒት» የሚለው ስሙ ራሱ ሰውን ያስታል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ግራጫ ክኒን ሲገኝ፣ በተለይም የነጭ ሽንኩርት ወይም የከረፋ ዓሣ ሽታ ካለው፣ ቀርቦ ማሽተት፣ በእርጥብ እጅ መንካት፣ ውኃ ማፍሰስ አይገባም። ክፍሉን ከፍቶ ማናፈስ፣ ሕፃናትንና እንስሳትን ማራቅ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውን መጥራት ይገባል። ሰው በሚተኛበት ቤት እንዲህ ያለው ነገር በፍጹም መቀመጥ የለበትም። የሰው መድኃኒትና የእህል መርዝ በአንድ መደርደሪያ ማደር የለባቸውም።

እንክብል ተገኘ፤ ምን እናድርግ?

በቤት ውስጥ የማይታወቅ እንክብል ሲገኝ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ብናስተምር ይበቃናል።

1. አይቀመስ፤ አይላስ፤ አይሰበር። ለማወቅ ብሎ መቅመስ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው።

2. ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይነሣ። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የደም ማነስ መከላከያ፣ አይረን የምንለው፣ ብዙ ጊዜ ቀይና ጣፋጭ ልባስ ያለው ስለሆነ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። ለእናት ሕይወት የተሰጠው መድኃኒት ብዛቱ ሲበዛ ሕፃንን ይገድላል።

3. በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ በላዩ ላይ «ያልታወቀ፤ አይወሰድ» ተብሎ ይጻፍ። የተገኘበት ቦታና ቀን፣ በቤቱ ውስጥ መድኃኒት የሚወስዱት እነማን እንደ ሆኑም ይመዝገብ። ለባለሙያ ከእንክብሉ መልክ ይልቅ ይህ ታሪክ ይጠቅመዋል።

4. ቁራጭ ማሸጊያ፣ ካርቶን፣ ፖስታ፣ የሐኪም ማዘዣ በቤቱ ካለ አብሮ ይሰብሰብ።

5. ሁሉም በአንድነት ወደ ቅርብ መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በቅርብ ከሌለ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነገር።

6. ባለሙያውም «እርግጠኛ አይደለሁም» ካለ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ እንክብሉ አይወሰድም። ይህ የባለሙያው ድክመት አይደለም። እርግጠኛ ያልሆነውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ሊመሰገን ይገባዋል።

ስለሚወገደው እንክብል አብዝታችሁ ትጠይቁናላችሁ። በጠበል ምንጭ አጠገብ፣ በወንዝ፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ መጣልም ሆነ ማቃጠል አይገባም። ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያስወግዱበት ሥርዓት ስላላቸው በቅድሚያ እነርሱን እንጠይቅ። እስከዚያው ድረስ ታሽጎ፣ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቆይ። ሐሰተኛ ወይም የተበላሸ መድኃኒት ሲሸጥ ያየ ሰው ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መሥመር 8482 ሊያሳውቅ ይችላል።

ተውጦ ከሆነስ?

ሰው ያልታወቀ እንክብል ዋጠ ከተባለ ምልክት እስኪታይ አንጠብቅ። ብዙ መርዞች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዝም ይላሉ። በጣት ማስታወክ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ ወይም የጨው ውኃ ማጠጣት በልማድ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን የሚያስታውከው ነገር ወደ ሳንባ ሊገባና ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም አንስጠው። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው፤ የቀረውን እንክብልና ማሸጊያውንም አብረን እንያዝ። ሲጠየቁ በእፍረት የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። ካህኑ በዚያች ሰዓት ከሁሉ የሚበልጥ አገልግሎት የሚሰጠው «እውነቱን ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሚፈርድባችሁ የለም» ብሎ ሲያረጋጋቸው ነው።

ስለ መድኃኒት ልመናና ስጦታ

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደረስን። በብዙ አጥቢያዎች የመድኃኒት ሣጥን አለ። በውጭ ላሉ ልጆቻችን «የተረፋችሁን መድኃኒት ላኩልን» የሚል ደብዳቤ የጻፉ ኮሚቴዎችም አሉ። ይህ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ያደረግነው ነውና። ነገር ግን ይቅር እንላለን።

እኅት ቤተ ክርስቲያን ያለችበትን የአርመንን አገር ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ዓለም አዘነና ረዳ። ወደ 5,000 ቶን የሚሆን መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ተላከ። በኋላ እንደ ተጻፈው፣ ምንነቱ በቀላሉ ሊለይ የቻለው ከመድኃኒቱ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ስሞቹ በብዙ ቋንቋዎች የተጻፉ ስለነበሩ 50 ሰዎች ለ6 ወራት ሲለዩ ቆዩ። ሕሙማንን ሊረዳ የሚገባው ጉልበት ካርቶን ሲያገላብጥ ከረመ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት ለልገሳ መዋል እንደሌለበት የደነገገውም እንዲህ ካለው ልምድ ተምሮ ነው። ለባለጸጋው ሕመምተኛ የማይሰጥ መድኃኒት ለድኻው ይበቃል ማለት ምጽዋት አይሆንም።

እንግዲህ ለድኻ ሕመምተኛ ምን እናድርግ ብትሉ መንገድ አለ። ሰበካ ጉባኤው የማዘዣ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመድኃኒት ቤት ይግዛለት። የጤና መድኅን መዋጮውን ይክፈልለት። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበትን የትራንስፖርት ገንዘብ ይስጠው፤ አብሮት የሚሄድ ሰውም ይመድብለት። በውጭ ያሉ ልጆቻችንም ከእንክብሉ ይልቅ ዋጋውን ቢልኩ ይህን ሁሉ ልናደርግ እንችላለን። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ስሙን፣ መጠኑንና የሚወስደውን ሰው ይዞ ይመጣል።

ጠበልና መድኃኒት

አንዳንዶች ይህን ትምህርት ስንሰጥ «በጠበል ቦታ ስለ ክኒን ምን አስወራ?» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ጠበልንና መድኃኒትን አታጣላም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ያስተምራል። ስለዚህ ሕመምተኛ በጠበል ቦታ ሱባኤ ሲይዝ የሐኪም መድኃኒቱን እንዲተው የሚነግረው ካህን ሊኖር አይገባም። ይልቁንም የፀረ ኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የስኳርና የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቢያቋርጡ ሕመሙ እንደሚበረታባቸው እንንገራቸው። በጾም ወራትም የስኳር ሕመምተኛ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ሳይማከር መድኃኒት እየዋጠ መብል እንዳይከለክል እናስጠንቅቅ። በእኚያ እናት የደረሰውን አትርሱ፤ ባዶ ሆድና የስኳር እንክብል ሲገናኙ ነው ሰው የሚወድቀው።

ከዚህ ስንመለስ

ከዚህ ጉባኤ ወጥተን ወደየአጥቢያችን ስንመለስ አራት ነገሮችን እንድንፈጽም በትሕትና እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ «ስሙን የማታውቁትን እንክብል አትውሰዱ፤ አትስጡ» የሚለው ለተከታታይ አራት ሰንበታት ይነገር። ሁለተኛው፣ የንስሐ አባቶች ለጸሎት በየቤቱ ሲገቡ፣ በተለይም ሐዘን በደረሰበት ቤት፣ «የተረፈ መድኃኒት አለ ወይ? የነቀዝ መድኃኒትስ የት ነው የተቀመጠው?» ብለው ይጠይቁ። ከካህን የወጣ ጥያቄ ከእኛ ከባለ ፕሮጀክቶቹ ወረቀት ይልቅ ይደመጣል። ሦስተኛው፣ በአጥቢያው የመድኃኒት ሣጥን ካለ አንድ የጤና ባለሙያ ተጠርቶ እንዲያየው ይደረግ፤ ባለሙያው ያልተቀበለው ሁሉ ለጤና ጣቢያው ይመለስ። አራተኛው፣ በጠበል ቦታዎች የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ጥያቄ ይማሩ፤ ሰው በድንገት ሲወድቅ ወይም ሲንቀጠቀጥ ከጸሎቱ ጋር «ዛሬ ምን ወስደሃል?» ብለው ይጠይቁ።

ያ አረጋዊ ካህን በዚያ ቀን የጠየቁት ይህን አንድ ጥያቄ ነበር። የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም፤ ድጓና ጸዋትወ ዜማ ነበር የሚያውቁት። ነገር ግን የማያውቁት ነገር እንዳለ ያውቁ ነበርና ወደሚያውቅ ሰው ላኩ። ከሁላችንም የሚፈለገው ይኸው ነው።

በደቂቀ ነቢያት ምንቸት የተጨመረውን ጉዳት ያራቀ አምላክ ከየቤታችን ጉዳትን ያርቅልን፤ ለሕሙማን ፈውስን፣ ለባለሙያዎች ማስተዋልን፣ ለእኛም ጠይቆ የመሥራትን ትሕትና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።